ቤታችንን ለሰሩልን ኢንቴሪየር ዲዛይነር ምስጋና፣ ለፈላጊም ጥቆማ

ሰው "ባለሙያ ጠቁሚኝ" ሲለኝ ብዙ ጊዜ ዝም ነው የምለው። ጠቁሜ ስራው ቢበላሽ ወቀሳው ለእኔ ነው። እኚህን ሴት ግን ደፍሬ እጠቁማለሁ። ኢንቴሪየር ዲዛይነር፣ ማለትም የቤት ውስጥ አደረጃጀት ባለሙያ ናቸው፤ ልጆቻቸውን አሳድገው ለቁም ነገር ያበቁ እናትም ናቸው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለጠየቁኝ፣ እኛ ቤት እንደምንጠራቸው እትዬ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሲመጡ ካታሎግ ታቅፈው ይመጣሉ ብለን ነበር። የያዙት ሜትር፣ ውሃ ልክና ደብተር ነው። ስለ ቀለም ትንፍሽ አላሉም። ጥያቄ ብቻ። ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው ማነው? ከውጭ ስትገቡ ቁልፍ የት ይጣላል? ልጆቹ የቤት ስራ የሚሰሩት የት ነው? እኔ የጥናት ጠረጴዛቸውን አሳየኋቸው። ትንሿ ልጄ ግን "ኩሽና መሬት ላይ ነው የምንሰራው" አለች። እትዬ ደብተራቸው ላይ የጻፉት የእሷን መልስ ነው።

ከዚያ በርከክ ብለው ቤቱን ከህጻን ቁመት ያዩት ጀመር። ከዚያ ቦታ ሶኬቱ፣ የጠረጴዛው ሹል ጫፍና ባለመሳቢያው ቁም ሳጥን ፊት ለፊት ይታያሉ። ህጻን መሳቢያ ስቦ ከወጣበት ቁም ሳጥኑ እላዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ረጃጅም እቃዎች ሁሉ ግድግዳ ላይ በብረት ታሰሩ። ቀለምና መጋረጃ ገና ሳይታሰብ መጀመሪያ የተሰራው ስራ ይህ ነበር።

ህይወታቸውን በስራ መሃል ቁርጥራጭ እያደረጉ ነው የነገሩን። አርክቴክት ቢሮ ውስጥ በእርሳስና በማስመሪያ ፕላን እየሳሉ ጀመሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ ቤት ዋሉ። አውቶካድ የሚባለው በኮምፒውተር ፕላን መሳያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1982 ወጥቶ ቀስ በቀስ የስዕል ጠረጴዛዎችን ከየቢሮው ሲያስወጣ እሳቸው ዳይፐር እየቀየሩ ነበር። ሲመለሱ ኮምፒውተሩን ከእሳቸው በብዙ ከሚያንሱ ልጆች ስር ቁጭ ብለው ተማሩ። ማታ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ ነበር ልምምዱ። ስራ ሲጠይቁ ታዲያ ያ ቤት የዋሉበት ዘመን "ክፍተት" ተባለባቸው። እሳቸው ይስቁበታል፤ እኔን ያናድደኛል።

ምክንያቱም ከስራቸው የወደድኩት አብዛኛው ነገር ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። የበሮቻችን ክብ እጀታ ወጥቶ በክርን ተጭነው የሚከፍቱት ረጅም እጀታ ገባ። በአንድ ክንድ ህጻን፣ በሌላው ዘንቢል ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ትርጉሙ ይገባዋል። የቆሸሸ ልብስ ቅርጫት ልብስ የሚወልቅበት ቦታ ተቀመጠ። የልጆቹ ኮት መስቀያ በእነሱ ቁመት ተመታ። አሁን ኮት መሬት ላይ አይጣልም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ቀንሷል።

ደክሟቸው ሻይ ሲጠጡ ሊሊያን ጊልብሬዝን ማንሳት ይወዳሉ። የ12 ልጆች እናት የነበረች አሜሪካዊት መሃንዲስ ናት። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሞት አብረውት ይሰሩ የነበሩ ድርጅቶች ከሴት ጋር መቀጠል አልፈለጉም። እሷም ፊቷን ወደ ኩሽና አዞረች፤ ምግብ ስንሰራ የምንመላለሰውን እርምጃ መቁጠርና መቀነስ ያዘች። በእግር ተረግጦ የሚከፈተው የቆሻሻ መጣያም የእሷ ስራ እንደሆነ ይነገራል። እትዬ ታሪኩን ሲጨርሱ "ይኸው ነው፣ ቤት የዋለች ሴት" ይላሉ።

ባለቤቴ አንድ ትልቅ ሶፋ ላይ ልቡ ተንጠልጥሎ ነበር። እትዬ አልተከራከሩትም። የሶፋውን ልክ ወለሉ ላይ በማስኪንግ ቴፕ አስመሩና ጥቂት ቀን በዚያው ኑሩበት አሉን። ሰው በደንብ እንዲያልፍ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል መተው አለበት፤ በሶፋውና በጠረጴዛው መሃል ደግሞ ከ40 እስከ 45። ባለቤቴ ራሱ መስመሩን እየረገጠ ሲያልፍ ሰነበተና ሶፋውን ተወው። ቀለሙንም ግድግዳ ላይ አልሞከሩም። ትልቅ ካርቶን ቀብተው ከግድግዳ ግድግዳ እያዞሩ ጠዋትም ማታም አሳዩን። ቀን ላይ ያማረን ግራጫ ማታ መብራት ሲበራ ወይን ጠጅ መሰለ። መኝታ ቤት 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሆነ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው አምፖል ገባ፤ ኩሽና ከላይኛው ካቢኔት ስር መብራት ተዘረጋ፣ ስትከትፉ የራሳችሁ ጥላ ቢላው ላይ እንዳያርፍ።

ሰራተኛ ላይ አይጮሁም፣ ግን አያልፉም። ሴራሚኩ ከሲሚንቶ በፊት በደረቁ ተደርድሮ ታየ፤ ተቆርጦ የሚገባው ቁራጭ ሴራሚክ በር መግቢያው ላይ እንዳይውል። ለስባሪ ተብሎም 10 በመቶ ያህል ትርፍ ተገዛ።

ገንዘብ ላይ ንጹህ ናቸው። የዲዛይን ክፍያቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከሱቅ ኮሚሽን አይቀበሉም፣ ደረሰኙ በእኛ ስም ነው የሚቆረጠው። ልንገዛው ካሰብነው ውስጥ ብዙውን ያስቀሩትም እሳቸው ናቸው።

ለሁሉም ሰው ይሆናሉ ግን አልልም። ቶሎ አይጨርሱም። ጂብሰሙ ላይ ባለቀለም መብራት ይደርደርልኝ የሚል ሰው አይግባባቸውም። ከስራ ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም። ልጆቻቸው ትንንሽ እያሉ የያዙት ልማድ ነው፤ አሁን ልጆቹ ትልልቅ ቢሆኑም አልተዉትም። እኔ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ በኋላ አከበርኩላቸው።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ወረፋ እንዳለ ግን እወቁ። ከመደወላችሁ በፊት የበራችሁንና የደረጃችሁን ስፋት ለኩ፤ እቃ ተገዝቶ ደረጃ ላይ ሲቀር ደጋግመው ስላዩ ቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው።

እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ።