ፍሬው መቼ ተቀቀለ? አምስት ካፌ፣ አንድ ዓይነት ባብል ቲ

እኔ የሻይ ሰው ነኝ። ሻይ ስል ደግሞ ትኩስ፣ ጥቁር፣ ስኳሩ ትንሽ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ዛሬ ባብል ቲ ልጋብዝሽ" ስትለኝ ደስ ያለኝ በግብዣው እንጂ በመጠጡ አልነበረም። (የኋላ ኋላ ከፋይዋ እኔው ሆንኩ። ያው እንደተለመደው።)

ያን ቀን የቀረበልኝ ነገር በረዶ የሞላው፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ጣፋጭ ነገር ነበር። በወፍራሙ ስትሮ ሳብ ሳደርግ አንድ ጥቁር ድቡልቡል ነገር ተወርውሮ ጉሮሮዬ ደጃፍ ላይ ተሰነቀረ። ሳል በሳል ሆንኩ። ልጅቷ በሳቅ ሞተች። "ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ ከዚያ አኝኪው!" መጠጥ እንደሚታኘክ ያወቅኩት ያኔ ነው።

የገረመኝ ግን ፍሬው፣ ማለትም ያ ጥቁር ድቡልቡል፣ አልነበረም። ፍሬውንስ ከሳሉ በኋላ ወድጄው ነበር። የገረመኝ ሻይ የሚባል ነገር ብርጭቆው ውስጥ አለመኖሩ ነው። "ታሮ ነዋ" አለችኝ። ታሮ ማለት ጎደሬ ነው። ጎደሬ ደግሞ እንዲህ ወይን ጠጅ አይሆንም፤ ያ ሁሉ ቀለም የመጣው መጠጡ ከሚሠራበት ዱቄት ነው። ታዲያ ቲ የተባለው ምኑ ነው?

በዚህ ጥያቄ ነው የጀመርነው። ለሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አምስት ካፌ አዳረስን። እኔ በየሄድኩበት የማዘው አንድ ነው፦ ጥቁር ሻይ በወተት፣ ጥቁሩ ፍሬ፣ ስኳር ሃምሳ በመቶ፣ በረዶ ትንሽ። ሙሉ ስኳር ብዙ ጥፋት ይሸፍናል። ማንጎና እንጆሪማ ሁሉንም ይሸፍናሉ። ልጅቷ የፈለገችውን ታዛለች፣ እኔ ከእሷ አንድ ሁለቴ እሰርቃለሁ። ነጥቡን ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ቁጥር ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የመጀመሪያው ካፌ በጣም ያምራል። የተንጠለጠለ ወንበር፣ ሮዝ መብራት፣ ፎቶ መነሻ መስታወት። እኔ ግን ባንኮኒው ጋ ቆሜ አሠራሩን አየሁ። ሁለት ማንኪያ ዱቄት፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ፣ ማማሰል፣ በረዶ፣ አለቀ። ቅጠል የሚባል በአካባቢው የለም። ያ ዱቄት ወተትም አይደለም። በአብዛኛው የአትክልት ዘይትና የግሉኮስ ሽሮፕ ደርቆ የተፈጨ ነው፤ ወተት የሚያስመስል። የሚታወቀው ከጠጡ በኋላ ነው። ላንቃዬ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ተለጥፎ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼም አልለቀቀኝ። ፍሬው ደህና ነበር። አራት ከአሥር፤ አንዱ ነጥብ ለወንበሩ።

ሁለተኛው ካፌ ለመባልም አይበቃም። አንዲት መስኮት ናት። ወንበር የለም። አንድ ወጣት ብቻውን ይሠራል። ከኋላው ትልቅ ድስት ይንተከተካል፣ ከጎኑ ሻይ ቅጠል ተዘፍዝፎ ሰዓት መቁጠሪያ ተደርጎበታል። ሰዓቱ ጮኸ። ልጁ የያዘውን ጥሎ ሄዶ ቅጠሉን አወጣ። እኔ ይህን ሳይ ገና ሳልቀምስ ልቤ ተሸነፈ።

ከዚያ ሻዩን፣ ወተቱንና በረዶውን መናጫ ውስጥ ከትቶ በሁለት እጁ ናጠው። ሲቀዳው ከላይ ጣት የሚያህል አረፋ ያዘ። ብዙ ሰው "ባብል" የተባለው ፍሬው ይመስለዋል። ስሙ ግን መነሻው ይሄው አረፋ ነው ይባላል። በቻይንኛ ባለፍሬው ለብቻው "የዕንቁ ወተት ሻይ" ይባላል፤ ዕንቁ ያሉት ፍሬውን ነው። ለእኔ ይሄ ስም ይበልጣል።

የልጁ ፍሬ ለብ ያለ ነበር። ቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ ለብ ያለ ፍሬ! መጀመሪያ ጥርስ ሲነካው ለስለስ ይላል፣ ከዚያ መለስ ብሎ ይገፋል፣ ከዚያ እሺ ብሎ ይቆረጣል። ታይዋኖች ለዚህ ስሜት "ኪው ኪው" የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው። እኛ ቃሉ የለንም። ሙጫም አይደለም፣ ማስቲካም አይደለም። ሻዩ ደግሞ ወተቱን አልፎ ይሰማል፤ ምላስ ጎንና ጎን ላይ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል። "ፍሬው ስንት ሰዓት ይቆያል?" አልኩት። "ከአራት ሰዓት በላይ አላቆየውም እትዬ፣ ከዚያ ይጣላል" አለኝ። ዘጠኝ ከአሥር። አንዷን ነጥብ የቀነስኩት ቆሜ ስለጠጣሁ ነው።

ታይዋንን ካነሳሁ አይቀር፦ ይህ መጠጥ የተወለደው እዚያ ነው፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.። "እኔ ነኝ የፈጠርኩት" የሚሉ ሁለት የሻይ ቤቶች አሉ፤ አንዱ በታይቹንግ ከተማ ቹን ሹይ ታንግ፣ ሌላው በታይናን ከተማ ሃንሊን። ፍርድ ቤት ተካሰው አሥር ዓመት ገደማ ተመላለሱ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተነገራቸው ግን፣ መጠጡ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ስለሌለው ማንም ሠርቶ ሊሸጠው ይችላል፣ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር አያስፈልግም የሚል ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ሁለቱንም ችሎት ላይ አስፈልቼ እቀምስ ነበር።

ሁለተኛው ካፌ ላይ እብሪት ያዘኝ መሰለኝ፣ በሳምንቱ መካከል ደረቅ ፍሬ ገዝቼ ቤት ልሞክር አልኩ። ፓኬቱ ላይ ያለው መመሪያ በማላነበው ቋንቋ ነው። ምን ከባድ ነገር አለው ብዬ ፍሬውን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ድስት ውስጥ ጨምሬ ጣድኩት። ትንሽ ቆይቼ ከፈትኩት። ፍሬ የለም! ድስቱ ውስጥ ያለው ቡናማ ማጣበቂያ ነው። ፍሬው እኮ ታፒዮካ ነው፣ ታፒዮካ ደግሞ ከካሳቫ ሥር የሚወጣ ስታርች። ውጪው ቶሎ በስሎ ካልያዘው በቀር ውሃው ይበታትነዋል። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ መፍላት አለበት። ድስቱን ለማጠብ የፈጀብኝን ጊዜ አልነግራችሁም።

በማግስቱ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ጨመርኩት። ፍሬዎቹ ከታች ተነስተው አንድ በአንድ ላይ ተንሳፈፉ። ግማሽ ሰዓት ቀቀልኩ፣ እሳቱን አጥፍቼ ግማሽ ሰዓት ከድኜ ተውኩት፣ ከዚያ አጥልዬ ጥቁር ስኳር ሽሮፕ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። እውነት ለመናገር ግሩም ነበር። የእህቴ ልጅ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። የተረፈውን ፍሪጅ አስገባሁ። ጠዋት አንዱን ነከስኩት። ጠጠር። ስታርቹ ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ይጨብጣል። ትናንት የተጋገረ ዳቦን የሚያደርቀውም ይሄው ነው።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሦስተኛው ካፌ ስንገባ እንደ ባለሙያ ገብቼ ነበራ። አንድ ሳብኩ፣ ነከስኩ፣ አወቅኩት። የፍሪጄ ፍሬ! ግማሹን ከአፌ አውጥቼ ሶፍት ላይ አስቀመጥኩት። ("አክስቴ፣ ኧረ ሰው ያያል!") ዳሩ ጥቁር፣ ወደ ውስጥ ግራጫ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ። ካሸሯን "ፍሬው ዛሬ ነው የተቀቀለው?" አልኳት በትህትና። ሶፍቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ፍሬሽ ነው" አለች። ሻዩ ጥሩ ነበር፣ እሱ ነው የሚያናድደው። እንዲህ ያለ ሻይ አፍልቶ የትናንት ፍሬ መጨመር! ሦስት ከአሥር።

አራተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ጥቁር ስኳሩ ወፍሮ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ይቀባና ወተቱ ሲፈስበት የነብር ቆዳ የመሰለ መስመር ይሠራል። ያምራል፣ ይጣፍጣል። ሻይ ግን የለውም፤ ጠይቄ "የለውም" ብለውኛል፣ ለሐቀኝነታቸው አመሰግናለሁ። የልጆች ማባበያ ነው። ነጥብ አልሰጠሁትም። ልጆች ካልኩ አይቀር፣ ትንንሾቹን በዚህ ፍሬ አታባብሉ። እኔን ያሳለኝ ነገር ሕፃን ሊያንቅ ይችላል።

አምስተኛው ጋ መጀመሪያ ከክዳኑ ጋር ተጣላሁ። ብርጭቆው በፕላስቲክ ተለብዶ ነው የሚመጣው። የስትሮውን ሹል ጫፍ ይዞ፣ በአውራ ጣት ላዩን ደፍኖ፣ በአንድ ምት መብሳት ነው። ማመንታት አይሠራም። እኔ አመነታሁ። ሸሚዜ ላይ እስከዛሬ ምልክቱ አለ።

ሃምሳ በመቶ ብዬ ያዘዝኩት እንደ ሽሮፕ ጣፈጠኝ። መልሼ ስጠይቅ "ሻዩ ላይ ግማሽ ነው ያደረግነው፣ ፍሬው ግን ራሱ ስኳር ውስጥ ነው የተቀመጠው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ዜሮ ስኳር ብላችሁ ባለፍሬ ብታዙ ዜሮ አይደለም። እኔም ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ማለት ጀምሬአለሁ። ሻዩ ግን ቅጠሉ ውስጡ ተረስቶ የቆየ ነው፤ መሯል። ወተትም አላዳነው። ከእህቴ ልጅ የሰረቅኩት የጃስሚን አረንጓዴ ሻይ ይሻል ነበር። እሷ ያስጨመረችው ያንን የሚፈነዳውን ፍሬ ነው። እሱ ታፒዮካ አይደለም፤ ከባሕር ተክል በሚገኝ አልጂኔትና በካልሲየም የተሠራ ስስ ቆዳ ውስጥ ያለ ጭማቂ ነው። ጥርስ ሲነካው ጧ! ይላል። እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ የዓሣ ዕንቁላል የነከስኩ መሰለኝ። አምስት ከአሥር።

አንድ መለኪያ ደግሞ ራሴ ፈጥሬአለሁ። ሻዩና ፍሬው እኩል ማለቅ አለባቸው። አንዳንዱ ጋ ሻዩ አልቆ ከበረዶው ሥር አሥራ አምስት ፍሬ ይቀራል። በስትሮው ጥግ ለጥግ እያሳደዱ፣ ጉርጉርጉር እያሰሙ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ማፈር ነው። ከአምስቱ ይህን ፈተና ያለፈው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሦስት ፍሬ ብቻ ቀረችኝ፤ በሁለት ትንፋሽ ጨረስኳት።

የእህቴ ልጅ በደረጃዬ አልተስማማችም። ለእሷ አንደኛው የመጀመሪያው ነው፣ ባለመስታወቱ። "ሻይ ከፈለግሽ እኮ ቤትሽ አለ አክስቴ" ትለኛለች። መልስ አጥቼላታለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ምርጫው የእኔ ስለነበር መስኮቷ ጋ ሄድን። ልጁ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሏል። "ፍሬው ገና ተጣደ፣ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል" አለን። "ያለ ፍሬ ልሥራላችሁ?"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሶፍት አንጥፌ ተቀምጬ ነበር።