የዋይ ኮምቢኔተር «ሴፍ» ውል፦ በነጻ የሚገኝ፣ ሒሳቡ ግን አስቀድሞ መሠራት ያለበት ሰነድ

ጀማሪ ኩባንያዎችን መርጦ ገንዘብና ሥልጠና የሚሰጠው ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለጀማሪ ኩባንያዎች በድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚያቀርበውን «ሴፍ» የተሰኘ የኢንቨስትመንት ውል ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት ጊዜ ፈርሜዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ብዕር ካነሣሁ በኋላ ትቼዋለሁ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚገኙ የሐበሻ መደብሮችና ምግብ ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያና የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ኩባንያ አለን። በራሳቸው አቅም ጀምረው አሁን ከባለሀብት ገንዘብ ለመቀበል የሚያስቡ የአገሬ ልጆች ስለዚህ ሰነድ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ በእጄ ያየሁትን ጥቅሙንም ጉድለቱንም እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ሴፍ ብድር አይደለም፤ ወለድም የመክፈያ ቀንም የለውም። ባለሀብቱ ዛሬ ገንዘቡን ይሰጣል፤ በምላሹ የሚያገኘው አክሲዮን ሳይሆን፣ ኩባንያው ወደፊት ዋጋው ተተምኖ አክሲዮን ለሌሎች በሚሸጥበት ዙር የእሱም ገንዘብ ወደ አክሲዮን እንዲለወጥ የሚያስችል መብት ነው። ምን ያህል አክሲዮን እንደሚደርሰው የሚወስነው በአብዛኛው ሁለቱ ወገኖች በውሉ ላይ የሚያሰፍሩት የዋጋ ጣሪያ ነው፤ ይኸውም የባለሀብቱ ገንዘብ ወደ አክሲዮን ሲለወጥ ኩባንያው ከዚያ በላይ ተተምኖ የማይታሰብበት ዋጋ ነው። ሰነዱን እ.ኤ.አ. በ2013 ያረቀቀችው የድርጅቱ የሕግ ባለሙያ ካሮሊን ሌቪ ናት። ከዚያ በፊት የተለመደው ኮንቨርቲብል ኖት፣ ማለትም ወደ አክሲዮን ሊለወጥ የሚችል የብድር ሰነድ፣ ዕዳ በመሆኑ ወለዱ ይቆጠራል፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ኩባንያው ገና አዲስ ዙር ካላካሄደ መሥራቹ ማራዘሚያ ለመለመን ይገደዳል። ሴፍ ይህን ጭንቀት ማስቀረቱ ትልቁ ውለታው ነው። ሞልቶ ለመፈረምም ቀላል ነው፤ የሚሞላው የኩባንያውና የባለሀብቱ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ ጣሪያው፣ ቀኑና የተመዘገብንበት ግዛት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ስንፈርም ከተስማማንበት ዕለት አንሥቶ ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ የፈጀው ስድስት ቀን ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ ኩባንያችንን የጀመርነው በሴፍ ሳይሆን በእቁብ ነው። ሃያ ሰዎች በየወሩ አንድ ሺህ ዶላር የምንጥልበት እቁብ ነበረን፤ ዕጣው በአራተኛው ወር ሲወጣልኝ 20,000 ዶላር በአንድ ጊዜ እጄ ገባ። እቁብ ከኩባንያው ድርሻ አይወስድም፤ ቀሪውን አሥራ ስድስት ወር ሳያጓድሉ መጣል ግን ግዴታ ስለሆነ፣ ሁለታችንም ቀን ተቀጥረን እየሠራን ማታ ማታ ኮድ እንጽፍ ነበር። የመጀመሪያዋ ደንበኛችን የእንጀራና የቅመማ ቅመም መደብር ባለቤት ስትሆን በወር 60 ዶላር ትከፍለን ነበር፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ መደብሯ ሄጄ በርበሬና ሽሮ በኪሎ ሲሸጥ ሚዛኑ ከሶፍትዌሩ ጋር የማይገጥመው ለምን እንደሆነ ቆሜ አይ ነበር። የዚያ ዓመት ትምህርት በኋላ ከባለሀብቶች ጋር ስንነጋገር ከማንኛውም የማቅረቢያ ጽሑፍ በላይ ጠቅሞናል። ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩበት ድረ ገጽ የኤርቢኤንቢ መሥራቾችም እ.ኤ.አ. በ2008 ገንዘብ ሲያልቅባቸው የምርጫ ዕጩዎችን ምስል የያዙ የቁርስ እህል ካርቶኖች አንዱን በ40 ዶላር እየሸጡ ወደ 30,000 ዶላር ገደማ አግኝተው ነበር፤ ዋይ ኮምቢኔተር የተቀበላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዕር አንሥቼ የተውኩት ውል የአጎቴ ነበር። በሁለተኛው ዓመት 15,000 ዶላር ላግዛችሁ ሲለኝ ሴፉን አትሜ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ቡናው እስኪደርስ መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን አንቀጽ በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ታዲያ ልጄ፣ ገንዘቡ መቼ ነው የሚመለሰው?» አለኝ።

«ቀን የለውም፣ ጋሼ።»

«አዲስ ባለሀብት ባይመጣስ?»

«እስኪመጣ እንዲሁ ይቆያል።»

ዝም ብሎ ማንበቡን ቀጠለና ጣቱ ባለሀብቱ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት አንቀጽ ላይ ቆመ። እዚያ ላይ ፈራሚው በአሜሪካ ሕግ «ብቁ ባለሀብት» መሆኑን ይመሰክራል። ይህም በዋናነት ያለፉት ሁለት ዓመታት ገቢው ለብቻው በዓመት ከ200,000 ዶላር፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ከ300,000 ዶላር የሚበልጥና በያዝነውም ዓመት እንደዚያው የሚጠብቅ፣ ወይም የሚኖርበት ቤት ሳይቆጠር የተጣራ ሀብቱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያልፍ ሰው ማለት ነው። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ነው፤ ያልሆነውን ነኝ ብሎ እንዲፈርም ልጠይቀው አልቻልኩም። ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ገንዘብ የሚያስገቡባቸው ሌሎች ሕጋዊ መንገዶች አሉ፤ ነገር ግን የራሳቸው ቅድመ ሁኔታና ወጪ አላቸው፣ ይህ ሰነድም ለእነሱ የተዘጋጀ አይደለም። በምትኩ የመመለሻ ቀኑና መጠነኛ ወለዱ የተጻፈበት ተራ የብድር ውል ተፈራረምን፤ ገንዘቡንም በአሥራ ስምንት ወር ከፍለን ጨረስን። የመጀመሪያው ገንዘብ ከዘመድና ከወዳጅ በሚመጣበት በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ የሴፍ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ የተጻፈው ሥራው ኢንቨስትመንት ለሆነና ገንዘቡ ቢጠፋ ኑሮው ለማይናጋ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሒሳቡ ነው፤ በዚህ በኩል ስሕተቱ የራሴ ነበር። ዋይ ኮምቢኔተር ሰነዱን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያሻሽለው የዋጋ ጣሪያው ሁሉም ሴፎች ከተለወጡ በኋላ ያለው ዋጋ እንዲሆን አድርጓል። በዚህም ምክንያት ባለሀብቱ ያስገባውን ገንዘብ ለጣሪያው በማካፈል ብቻ፣ ከአዲሱ ዙር በፊት የሚኖረውን ድርሻ በመቶኛ ያውቃል። ይህ ግልጽነት የሚመሰገን ነው፤ በቀድሞው ቅጽ መሥራቹም ባለሀብቱም ስንት እንደተሸጠ በትክክል የሚያውቁት ዙሩ ሲደርስ ነበርና። ነገር ግን አዲስ ሴፍ በተፈረመ ቁጥር የሚቀንሰው የመሥራቾቹና የነባር ባለአክሲዮኖች ድርሻ እንጂ የቀደሙት ሴፎች ድርሻ አይደለም። እኛ መጀመሪያ 50,000 ዶላር በ2 ሚሊዮን ጣሪያ፣ ቀጥሎ 100,000 በ2.5 ሚሊዮን፣ በመጨረሻም 150,000 በ3 ሚሊዮን ወሰድን። ጣሪያው ከፍ እያለ የሄደው የሚከፍሉ ደንበኞች ስለበዙልን ነው። ድርሻዎቹ ግን 2.5፣ 4 እና 5 በመቶ ናቸው፤ ሲደመሩ 11.5 በመቶ። የመጀመሪያው ባለሀብት 2.5 በመቶ ከኋላው በመጡት ሁለቱ አብሮ ይሳሳል ብዬ ስገምት ነበር፤ አይሳሳም። አንድ ሌሊት ሰንጠረዥ ዘርግቼ ቀጣዩ ዙር 20 በመቶ ቢወስድና ለሠራተኞች 10 በመቶ አዲስ አክሲዮን ቢመደብ ብዬ ሳሰላ፣ ለእኔና ለባልደረባዬ የቀረልን ወደ 62 በመቶ ገደማ ነበር፤ ለእያንዳንዳችን 31። ቁጥሩ የሚያስከፋ አይደለም፤ ሦስቱን ስፈርም ግን ይህን አለማወቄ አሳስቦኛል። ሰነዱ አጭርና ቀላል መሆኑ ራሱ፣ አክሲዮን እየተሸጠ እንደሆነ እንዲረሳ ያደርጋል።

ሌሎቹ አንቀጾች በእኔ ግምት ሚዛናዊ ናቸው። ኩባንያው ከዙሩ በፊት ቢሸጥ ባለሀብቱ ካስገባው ገንዘብና በጣሪያው መሠረት ከሚደርሰው ድርሻ የሚበልጠውን ያገኛል፤ ቢፈርስ ደግሞ የተረፈ ነገር ካለ ከመሥራቾቹ በፊት ገንዘቡ ይመለስለታል። ድምፅ የመስጠት መብት ስለሌለው መሥራቾች ሥራቸውን በነጻነት ይመራሉ። ከሰነዱ ውጪ መሥራቹ ራሱ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር ግን አለ፤ በተለመደው መንገድ ገንዘብ የሚያሰባስብ ኩባንያ ከመጀመሪያው ሽያጭ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ለገንዘብ ሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪው «ፎርም ዲ» የተባለውን ማስታወቂያ ማስገባት አለበት።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሴፍ የሚቀጥል ዙር እንደሚኖር አስቀድሞ መገመቱ ነው። ለነጋዴዎች የኢሜይል ማስታወቂያ መላኪያ ሶፍትዌር የሚያቀርበውን ሜይልቺምፕን የመሰለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አትላንታ ተመሥርቶ ከውጭ ባለሀብት አንድም ዶላር ሳይወስድ ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ በ2021 ለሒሳብ ሶፍትዌር ኩባንያው ኢንቱዊት በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል። እንዲህ ያለውን መንገድ የሚመርጥ፣ ማለትም ከደንበኛ ገቢ ብቻ እያደገ ትርፉን መካፈል የሚፈልግ መሥራች ሴፍ ቢፈርም፣ ውሉ ሳይለወጥ ለዓመታት ይንጠለጠላል። ትርፍ ሲከፋፈል ለባለሀብቱም የሚገባው እንዲከፈለው የሚያዝ አንቀጽ ቢኖርም፣ ባለሀብቱ የሚጠብቀው ግን ትልቅ ሽያጭን ወይም አዲስ ዙርን ነው፤ ግንኙነቱም በዚያ ጥበቃ ይጫናል።

ከአዲስ አበባ ሰነዱን ለመጠቀም የሚያስቡ ወዳጆቼ በቅድሚያ የኩባንያቸውን ዓይነት እንዲያዩ እመክራለሁ። ውሉ የተጻፈው ልዩ መብት ያለው አክሲዮን በቀላሉ ማውጣት ለሚችል የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ለካናዳ፣ ለሲንጋፖርና ለካይማን ደሴቶችም የተዘጋጁ ቅጾች አሉ፣ ኃላፊነቱ ለተወሰነ የግል ማኅበር ግን እንዳለ አይሠራም። በተጨማሪም የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ብቻውን ለአንድ ፕሮጀክት በመደበኛነት ቢያንስ 200,000 ዶላር እንዲመድብ ስለሚጠይቅ፣ ከውጭ የሚመጣ 50,000 ዶላር በዚህ ቅጽ ብቻ አገር ቤት ባለ ኩባንያ ውስጥ ቦታ አያገኝም።

በሙያው የተሠማራ ባለሀብት ላገኘና በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ዙር ለማካሄድ ላቀደ መሥራች ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ውል አላየሁም፤ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ባለፈው ወር አራተኛ ሴፍ እንድንፈርም የጠየቀን ሰው ነበር። በዚህ ጊዜ ሰንጠረዡን አስቀድመን ከፍተን አሰላንና ገንዘቡ ያስፈለገን አንድ ሠራተኛ ለመቅጠር ብቻ መሆኑን አየን። ለነባር ደንበኞቻችን የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ለሚከፍሉ የሁለት ወር ቅናሽ አቀረብንላቸው። አሥራ አራቱ ተቀበሉ፤ ሠራተኛዋም ሰኞ ሥራ ጀመረች።