ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ለጠራሁት መሐንዲስ

ጎንደር ውስጥ ቤት ለመግዛት ገንዘብ ቋጥራችሁ ከደላላ ጋር የምትዞሩ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። የማመሰግነው አንድ ወጣት የግንባታ መሐንዲስ ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ማራኪ አካባቢ አንድ ምድር ቤት አግኝቼ ነበር። የብሎኬት ግድግዳ፣ የሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት) ጣሪያ፣ ገና የቀለም ሽታ ያልለቀቀው ሳሎን። ልቤን የወሰደው ግን ከሶሌታው በላይ በየማዕዘኑ ወደ ሰማይ የቆመው የፌሮ ብረት ነው። ደላላው በጣቱ እያሳየኝ “እትዬ፣ ይህ ለፎቅ ተዘጋጅቶ የተተወ ነው” አለኝ። በቃ! በዚያች ሌሊት ፎቁን በሐሳቤ ሠርቼ፣ ክፍሎቹን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራይቼ፣ የሳሎኑንም ግድግዳ አፍርሼ ከመኝታ ቤቱ ጋር ቀላቅዬ አደርሁ። ሻጩም ቢሆኑ ያልተሠራውን ፎቅ በዋጋው ውስጥ አስገብተውታል።

ለቀብዱ ቀጠሮ ከያዝን በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ “ከመስጠትሽ በፊት ባለሙያ አሳዪው” ብላ የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠችኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ባለሙያ የሚጠራው ከቀብዱ በፊት ነው እንጂ በኋላ ከሆነ ለልቅሶ ነው። አጎቴ ግን ሳቁብኝ። “ፋሲል ግንቡን ሲያሠሩ መሐንዲስ ጠርተዋል?” አሉኝ። ዋናውን ግንበኛ ሳያማክሩማ አልቀሩም አልኋቸው።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ቀጠርሁት፤ በአራት መጣ። ውሃ ልክ፣ ቱምቢ፣ መዶሻና ባትሪ ይዟል፤ ከኋላው ዶማና አካፋ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ አለ። ቤቱን ከማየቱ በፊት የጠየቀኝ “ምን ሊያደርጉበት አስበዋል?” ብሎ ነው። ለመኖሪያ ብቻ ከሆነና ፎቅ የሚጨመርበት ከሆነ የሚመለከተው ነገር የተለያየ እንደሆነ ነገረኝ። ሐሳቤን ሁሉ ዘረገፍሁለት። ዝም ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ሻጩን አስፈቅዶ በማዕዘኑ ኮለን (ምሰሶ) ሥር አንድ ሜትር ያህል አስቆፈረ። የወጣው አፈር ጥቁር መረሬ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈውንም ያነሣል ይጥላል። ኮለኑ ደግሞ የራሱ ፉቲንግ፣ ማለት ሸክሙን አፈር ላይ የሚያሳርፍበት ሰፊ የኮንክሪት እግር፣ የለውም፤ ጥልቀት ከሌለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተነሥቶ ቆሟል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ “ፌሮ ማስረዘም ርካሽ ነው፤ እግሩ ግን ይህ ነው” አለኝ። ፎቄ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተቀበረ።

ወደ ውስጥ ስንገባ ላፈርሰው ያሰብሁትን ግድግዳ በመዶሻ መታ መታ አደረገና ወደ ጣሪያው በባትሪ አየ። ከበላዩ ቢም፣ ማለት ሶሌታውን የሚሸከም አግዳሚ ኮንክሪት፣ የለም፤ ሶሌታው ያረፈው በግድግዳው ላይ ነው። ሙሉውን ካፈረስሁት ጣሪያው ይከተለኛል። የበር ያህል መክፈት እንደሚቻል፣ ለዚያም በቅድሚያ ተደግፎ ቢም እንደሚገባለት ነግሮ ስፋቱን በሥዕል አሳየኝ። ስንጥቆቹንም አንድ በአንድ ለየልኝ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋው የልስን ነው፣ አያስፈራም። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየተከተለ የሚወርደው ግን መሠረቱ በአንድ በኩል መስመጡን ይናገራል። ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ውጭ ወጥተን ዞርን፤ የሶሌታው ውኃ የሚወርድበት ቱቦ በትክክል እዚያው ማዕዘን ሥር ይተፋል። በአዲሱ ቀለም ሥር ይህ ሁሉ ነበር!

እንደማንኛውም ጎንደሬ ያለ ውኃ ሮቶ መኖር አልችልም። የሻጩ ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ሶሌታው መሐል ተቀምጧል። ሲሞላ ሁለት ቶን መሆኑን እስኪነግረኝ ድረስ አስቤው አላውቅም። ጓሮ ውስጥ ራሱን የቻለ መቆሚያ ይሠራለት አለ።

የቤቱን ፕላንም ተቀብሎ አስተያየ። በአጥሩ ጥግ ያሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ፕላኑ ላይ የሉም። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ እንዳጣራ ነገረኝ፤ ስለ ዕዳና እገዳ ስጠይቀው ግን “ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፣ ጠበቃ ያነጋግሩ” ብሎ ዘጋው። ይበልጥ ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

ቤቱን አትግዢ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። እንደ ምድር ቤት ደህና ቤት ነው፣ የፎቅ ዋጋ ግን አይክፈሉበት አለ። የታዘበውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጽፎ፣ አስቸኳዩንና የሚቆየውን ለይቶ ሰጠኝ። ፎቁን ብሠራ ሥራው ለእሱ ነበር፤ በገዛ አፉ አስቀረው። ለድካሙ የከፈልሁት ከቤቱ ዋጋ መቶኛ አንድ አይሞላም። ሻጩ ወረቀቱን ሲያዩ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ጉድጓዱን ሄደው አዩ፣ በሳምንቱ ዋጋ ቀነሱ። ገዛሁት።

ቱቦው ዛሬ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ ይጥላል፤ ዙሪያውም ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ተደርጎበታል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ መሐንዲሱ በእርሳስ መስመር አስምሮ ቀን ጽፎበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ መስመሩን አልፎ እንደሆነ መጥቶ ያያል። የምትቀጥሩት ሰዎች፣ በሦስት ሰዓት ከፈለጋችሁት በሁለት ቅጠሩት።