ለሀሪኬን ወቅት ምን እንግዛ? ቦርሳው፣ ውኃው፣ ጄኔሬተሩና ስንቁ ሲነጻጸሩ

የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ጁን 1 ጀምሮ ኖቬምበር 30 ያበቃል። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን መሆኑ ነው። የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ ጳጉሜን ላይ፣ ለዕንቁጣጣሽ ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን። ይህን የምጽፈው ሂዩስተንና አካባቢዋ ለምንኖር ነው። ሉዊዚያናና ፍሎሪዳ ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ማዕበሉ ምን እንደሚያሳጣን እናስብ። ሃርቪ የተባለው ሀሪኬን በኦገስት 2017 ሲመጣ ችግሩ ውኃ ነበር። ሰፈር ሙሉ ተጥለቀለቀ፣ ሰው ከቤቱ በጀልባ ወጣ። ቤሪል የተባለው ሀሪኬን ጁላይ 8፣ 2024 ሲገባ ግን ደረጃው 1 ነበር፤ ከአምስቱ ደረጃዎች ዝቅተኛው። እንዲያም ሆኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። ከሳምንት በላይ የቆየባቸው አሉ። በጁላይ ሙቀት፣ ያለ ኤሲ። ጎርፍ ከመጣ መፍትሔው መውጣት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ብዙዎቻችን እዚያው ቤታችን ነን። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ውኃ ግዙ፣ ቀጥሎ ስለ ኤሌክትሪክ አስቡ። የሚያምረው ቦርሳ መጨረሻ ይምጣ።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቦርሳ ወይስ ራሳችን የምንሞላው ሣጥን?

"ለ4 ሰው፣ ለ72 ሰዓት" የሚሉ ቦርሳዎች ኦንላይን ከ100 እስከ 250 ዶላር አካባቢ ይሸጣሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የዕቃውን ዝርዝር አንብቡ። ውኃው ብዙ ጊዜ 125 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ትንሽ ላስቲክ የታሸገ ነው። 24 ላስቲክ ቢኖር ተደምሮ 3 ሊትር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ መሥሪያ ቤት፣ ፌማ፣ የሚመክረው ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ነው። ለአራት ሰው ለሦስት ቀን የተባለው ውኃ ለአንድ ሰው አንድ ቀን እንኳ አይበቃም። ምግቡም የታመቀ ብስኩት ነው። ነፍስ ያቆያል፤ ልጆች ግን ዞር ብለው አያዩትም።

ቦርሳው ምንም አይረባም ማለቴ አይደለም። መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ ወይም ብቻውን ለሚኖር ተማሪ መጥፎ መነሻ አይደለም። ፊሽካው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታው ዕቃና ስሱ ብርድ ልብስ ይጠቅማሉ። ለቤተሰብ ግን በዚያው ገንዘብ ክዳን ያለው ትልቅ ፕላስቲክ ሣጥን ገዝቶ ራስ መሙላት በብዙ ይሻላል። በእጅ የሚሠራ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ሶፍት፣ ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ የሐኪም መድኃኒት፣ ትርፍ መነጽር፤ እነዚህን የየቤቱ ሰው እንጂ ፋብሪካ አያውቃቸውም።

ለብርሃን ሻማ አትግዙ። ድካምና ጨለማ ባለበት ቤት እሳት አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የግንባር ባትሪ ይኑር፤ ሁለት እጅ ነፃ ይሆናል፣ ድንጋዩም ርካሽ ነው። ሬዲዮ ስትመርጡ የኖአን (NOAA፣ የአሜሪካ መንግሥት የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት) ጣቢያዎች የሚይዝ ይሁን። በእጅ የሚዘወረው ጥሩ ነው፣ ግን ዘውሮ ስልክ መሙላት አድካሚ ነው። በድንጋይም የሚሠራውን ምረጡ።

ውኃ፦ ካርቶን፣ ጀሪካን ወይስ የገንዳ ላስቲክ?

24 ጠርሙስ ያለው ካርቶን፣ ጠርሙሱ ግማሽ ሊትር ከሆነ፣ 12 ሊትር ነው። አንድ ካርቶን ለአንድ ሰው ሦስት ቀን ብላችሁ ያዙ። ለአራት ሰው ለአንድ ሳምንት ዘጠኝ ካርቶን ገደማ ይሆናል። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ልጅም ያነሣዋል። ችግሩ ቦታ ነው። ጋራዥ ሙቀት ውስጥ አታስቀምጡት፤ ቁም ሣጥን ሥር ወይም አልጋ ሥር ይሻላል።

7 ጋሎን የሚይዘው የካምፕ ጀሪካን ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው። ሲሞላ 26 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከቧንቧ የሚሞላ ስለሆነ በየዓመቱ ውኃ መግዛት ይቀራል። አረጋውያን ባሉበት ቤት ግን ሁለት ትንንሽ ጀሪካን ከአንድ ትልቅ ይመረጣል። የገንዳው ላስቲክ ማዕበሉ ከመግባቱ በፊት የመታጠቢያ ገንዳ ላይ ተዘርግቶ ይሞላል፤ እስከ 100 ጋሎን ይይዛል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው። ገንዳ ለሌላችሁ አይሆንም።

የእኔ ምርጫ ድብልቅ ነው። ለመጠጥ ካርቶን፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ጀሪካን። አንድ ጠርሙስ ሽታ የሌለው በረኪናም አብሮ ይቀመጥ። የቧንቧው ውኃ ካጠራጠረና ማፍላት ካልተቻለ፣ 6 በመቶ የሆነውን በረኪና ለአንድ ጋሎን 8 ጠብታ አድርጎ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። 8.25 በመቶ ከሆነ 6 ጠብታ ይበቃል። መቶኛው ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

ኤሌክትሪክ፦ ትልቁ ውሳኔ

ገበያው ላይ ሦስት ነገር አለ። ተራው የቤንዚን ጄኔሬተር፣ ኢንቨርተር የሚባለው ዝምተኛ ጄኔሬተር፣ እና ፓወር ስቴሽን የሚሉት ትልቅ ባትሪ።

ተራው ጄኔሬተር በዋጋ ያታልላል። 4000 ዋት ያህል የሚሰጥ በ400 ወይም በ500 ዶላር ይገኛል። ቀኑን ሙሉ ከሠራ ግን እስከ 10 ጋሎን ቤንዚን ይጠጣል። ይህን ቤንዚን ከየት ታመጣላችሁ? ማደያውም መብራት ከሌለው ፓምፑ አይሠራም፤ የሚሠራው ላይ ደግሞ ሰልፉ አይቻልም። ጩኸቱም ጎረቤት ያስመርራል።

2000 ዋት አካባቢ የሆነው ኢንቨርተር በቀላል ጭነት በአንድ ጋሎን 8 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ፍሪጅ፣ መብራት፣ ስልክና አንድ ትንሽ የመስኮት ኤሲ ይችላል። ዋጋው ከ450 ዶላር ይጀምራል፤ ስመ ጥሩ እንደ ሆንዳ ያለው ከ1000 ያልፋል። የራሳችሁ ቤትና ግቢ ካላችሁ እኔ የምመርጥላችሁ ይህንን ነው። ሌሊት አንድ ክፍል አቀዝቅዞ ቤተሰቡን አንድ ላይ ማስተኛት ይቻላል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙም ይኸው ነው።

አፓርትመንት ለምትኖሩ ጄኔሬተር አይሆንም። በረንዳ ላይም አይሆንም። ለእናንተ ፓወር ስቴሽን ነው። 1000 ዋት ሰዓት የሚይዘው እንደ ወቅቱ ከ500 እስከ 1000 ዶላር ነው። ፍሪጅ ከግማሽ ቀን በላይ ያቆያል፣ ማራገቢያ (ቬንቲሌተር) ለብዙ ሰዓታት፣ ስልክ ደግሞ ለቀናት ይይዛል። ኤሲ ግን በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ መኝታ ቤት ይቀመጣል። የእስትንፋስ መሣሪያ ለብሶ የሚተኛ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ጄኔሬተር ቢኖርም ይኸኛው አይቅር። የሶላር ሰሌዳ ከተጨመረለት ከረጅም ጨለማ ያወጣል። ባትሪው ሊቲየም አየን ፎስፌት የሚል ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ አለ። ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይነሣ። ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ፣ 6 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ጭስ ማውጫው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዙር። ከግድግዳ ሶኬት ጋር አታገናኙት፤ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። በፌብሩዋሪ 2021ዱ ብርድ ቴክሳስ ውስጥ ስንት ሰው ቤቱ እንደተኛ ቀርቷል። በእኛ ቤት ሌላም ነገር አለ፤ የቡና ከሰል። መብራት ሲጠፋ "ምድጃውን ላቀጣጥልና ቡና ላፍላ" ማለት ይመጣል። መስኮት ተዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ከጄኔሬተሩ አይሻልም። ቡናው ይቅር፣ ወይም ውጭ ይፈላ። በድንጋይ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ዕቃ ብቻ ብትገዙ እሱን ግዙ።

ስንቅ፦ የታሸገ ምግብ ወይስ የሐበሻ ስንቅ?

ለ25 ዓመት ይቆያል የሚባለው የደረቀ ምግብ በባልዲ ይሸጣል። ውድ ነው፣ ደግሞም የፈላ ውኃ ይፈልጋል። የታሸገ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ቱናና ኦቾሎኒ ቅቤ ይሻላል፤ ሳይሞቅ ይበላል፣ ባይፈለግም በሌላ ቀን ይበላል። የእኛ ስንቅ ግን ለዚሁ የተፈጠረ ነው። በሶ ውኃና ትንሽ ጨው ወይም ስኳር ብቻ ይበቃዋል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ እሳት አይሹም፣ ፍሪጅም አይሹም። ጭኮ ለጠንካራ ቀን ነው። እንጀራ ላይ አትተማመኑ፤ በሂዩስተን እርጥበት ያለ ፍሪጅ ቶሎ ይሻግታል። ሽሮም እሳት ይፈልጋል። ጾመ ፍልሰታ ኦገስት ላይ ስለሚውል ለጾመኛ የሚሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡ።

ፍሪጅ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ይቀዘቅዛል። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው 24 ሰዓት። ፍሪዘር ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ የውኃ ጠርሙስ ሙሉበት፣ በረዶ ይሆንላችኋል። ኢንሱሊን ለምትወስዱ፣ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ አብዛኛው ያለ ፍሪጅ እስከ 28 ቀን ይቆያል። እንዳይሞቅ እንጂ በረዶ ላይም አታስነኩት።

ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ ቢጫ ካርድ፣ የቤት ውልና የልጆች የልደት ወረቀት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይግቡ። ጥሬ ገንዘብም ጨምሩበት፤ መብራት ሲጠፋ ካርድ አይሠራም። የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል፣ ሥራ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ ነው።

መቼ እንግዛ?

ቴክሳስ በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ለአንድ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ የአደጋ ጊዜ ዕቃዎችን ታክስ ታነሣለች። ከ3000 ዶላር በታች የሆነ ጄኔሬተር፣ ከ75 ዶላር በታች የሆኑ ባትሪዎች፣ ድንጋዮች፣ ሬዲዮዎች፣ የበረዶ ሣጥኖችና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎች ይካተታሉ። የሂዩስተን ታክስ 8.25 በመቶ ነው። የ1000 ዶላር ጄኔሬተር ላይ 82 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይቀራል፤ ማንቂያውንና ሁለት ጀሪካን ያህል ይገዛል። ኦንላይን ብታዙም ይሠራል፣ ግን ማጓጓዣው ከዋጋው ጋር ተደምሮ ስለሚታይ ድምሩ ከተወሰነው እንዳያልፍ ተመልከቱ።