ለነርሲንግ የምታመለክቱ፣ እኔን ያገዙኝን እናት ልጠቁማችሁ

በሜሪላንድና በዲሲ አካባቢ ነርሲንግ ለመማር የምታስቡ እህትና ወንድሞቼ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ሰሞኑን ከአንድ የአድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ዲግሪ ፕሮግራም የመቀበያ ደብዳቤዬ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናቸው አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ እትዬ ብቻ እያልኩ እጽፋለሁ።

እትዬ ራሳቸው ነርስ ናቸው። ረጅም ዘመን ሆስፒታል ሠርተዋል። አሁን ሥራ የሚገቡት በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። በቀረው ጊዜ ሳሎናቸውን ከፍተው ለነርሲንግ የሚያመለክቱ ልጆችን ያዘጋጃሉ። ለፈተና ትምህርቱ ያስከፍላሉ፤ ዋጋው ግን የጂ.ኤን.ኤ (የአረጋውያን ረዳት ነርስ) ደሞዝ የሚችለው ነው። ወረቀት አይተው ለሚመክሩት ምክር ሳንቲም አይቀበሉም።

እኔ አገር ቤት አካውንቲንግ ተመርቄ በዲቪ የመጣሁ ነኝ። እዚህ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። እሳቸው ጋ ስሄድ ወዲያው ፈተና እንጀምራለን ብዬ ነበር። እትዬ ግን መጀመሪያ ያሉኝ «ልጄ፣ ወረቀትሽን አምጪ» ነው። ትራንስክሪፕቴን፣ ግሪን ካርዴንና ፓስፖርቴን ጎን ለጎን ዘርግተው በእርሳስ ምልክት እያደረጉ አነበቡ። ግሪን ካርዴ ላይ ላስት ኔም የሆነው የአባቴ ስም ነው። ትራንስክሪፕቴ ላይ ደግሞ የአያቴም ስም አለ። የተመረቅኩበት ዓመት አንዱ ጋ በእኛ፣ ሌላው ጋ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል። ለእኛ ይህ ምንም አይደለም። ማመልከቻ ለሚመረምር ሰው ግን የሁለት ሰው ወረቀት ሊመስል ይችላል። እትዬ ሁሉንም የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ እንድጽፍና ከማመልከቻው ጋር አብሬ እንድልክ አደረጉኝ።

የአገር ቤት ዲግሪ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ዌስን የመሰሉ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅቶች ትራንስክሪፕቱን ከእናንተ እጅ አይቀበሉም፤ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ደግሞ የወጪ መጋራቱን ሳይከፍል ሬጅስትራሩ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አይለቅለትም። ስለዚህ አገር ቤት የሚሮጥላችሁን ሰው ዛሬውኑ ደውላችሁ ያዙ። እትዬ ለእኔ ይህን ቀድመው ባይነግሩኝ የማመልከቻው ቀን ያልፈኝ ነበር።

ትምህርት ቤት የመምረጡ ነገር ላይ ቆይተናል። የምፈልገው ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሰው ሲሞት አጠገቡ ቆሜ አድሬ አውቃለሁ፤ ስለ ጸሎትና ስለ ሞት ሳያፍር የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲሆንልኝ ተመኘሁ። በአካባቢያችን ምርጫው ጥቂት አይደለም። ጆርጅታውን፣ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲና ማሪማውንት የካቶሊክ ናቸው። ታኮማ ፓርክ ያለው ደግሞ የአድቬንቲስት ነው። እትዬ ፍላጎቴን አከበሩልኝ፤ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «መስቀል ስላለበት ብቻ አትግቢ። አክሬዲቴሽኑን፣ ማለት የጥራት እውቅናውን እዪ፤ ተማሪዎቹ ኤንክሌክስን፣ የነርስ ፈቃድ ፈተናውን፣ ስንት በመቶ እንደሚያልፉ እዪ።» የነርሲንግ ፕሮግራም ዋናዎቹ አክሬዲተሮች ሲ.ሲ.ኤን.ኢ እና ኤ.ሲ.ኢ.ኤን የሚባሉት ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የማለፊያ መቶኛ ደግሞ የሜሪላንድ የነርሲንግ ቦርድ በድረ ገጹ ያወጣዋል፤ ማንም ገብቶ ያየዋል። ብዙ ሺህ ዶላር ከመክፈላችን በፊት ይህን አለማየት በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ስለ ገንዘብም በግልጽ ነገሩኝ። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ መሙላት የግድ ነው። ነገር ግን ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም፣ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ አያገኝም። የሚቀረው የመንግሥት ብድርና ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። ስሰማው ደነገጥኩ፤ ግን ክፍል ከገባሁ በኋላ ከምሰማው ያኔ መስማቴ ይሻላል። ከምሠራበት ነርሲንግ ሆም ለትምህርት የሚሰጥ ድጋፍ እንዳለ እንድጠይቅ የገፋፉኝም እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ፈተናው። ብዙ ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ቲስ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ነው፤ በሱ ፈንታ ሄሲ የሚጠይቅም አለ፤ ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አጣሩ። ቲስ 170 ጥያቄ አለው፤ የሚሰጠው ጊዜ 209 ደቂቃ ነው። ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው 37 ጥያቄ በ37 ደቂቃ ስለሆነ አንዱ ላይ ቆሞ ማሰላሰል የለም። እትዬ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነው የሚያሠሩት። ሒሳቡ ለእኛ አይከብድም፤ የሚያስቸግረው ፓውንድና አውንስ ነው። እኛ በኪሎና በሊትር ነው ያደግነው። ሳይንሱ ላይ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የሰውነት ክፍሎችና አሠራራቸው ነው። እትዬ ልብን ሲያስተምሩ መጽሐፉን ይዘጋሉ። ደሙ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በባዶ ወረቀት ሥዬ እስካስረዳ ድረስ አይለቁኝም። ከሌሊት ሥራ መጥቼ ዓይኔ ሲከደን ቡና ያፈላሉ እንጂ «ዛሬ ይቅር» አይሉም። ፊት አይሰጡም። ይህን የምለው በፍቅር ነው፤ እንደዚያ የሚይዘኝ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን በድርሰቱ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የተዘጋጀ ድርሰት የሚሰጥ ሰው በከተማው ሞልቷል። እትዬ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይጽፉላችሁም። ይጠይቃሉ። ለምን ነርሲንግ? ለምን እዚህ? መጀመሪያ «ሰውን መርዳት ስለምወድ» ብዬ ጻፍኩ። «ይህን ሁሉም ይጽፈዋል፤ የት ተወለድሽ?» አሉኝ። ዘውዲቱ ሆስፒታል አልኳቸው። ዘውዲቱ ደርግ እስኪወርሰው ድረስ በአድቬንቲስቶች ይተዳደር እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው። እናቴ የወለደችኝ ከዚያ በኋላ ቢሆንም፣ የማመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ክርስቲያን የሠራችበት ሆስፒታል ነው። ድርሰቴ ከዚያ ተነሣ። ከዚያ ቀጥዬ ሌሊት ስለምጠብቃቸው አረጋውያን ጻፍኩ። ቃለ መጠይቁ ላይም የጠየቁኝ ስለዚሁ ነበር።

ኦርቶዶክስ መሆኔ ያሳስበኝ ነበር። አንዳንድ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ከፓስተር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። እትዬ ራሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ግን «የነፍስ አባትሽ እያሉ ፓስተር ፍለጋ ምን አስኬደሽ? ደውለሽ ጠይቂ» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው ጋ ደወልኩ፤ ይቻላል አሉኝ። አባታችን በአማርኛ የተናገሩትን ዲያቆኑ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ እሳቸው ፈረሙበት። እትዬ በእምነቴ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። የአድቬንቲስት ትምህርት ቤት ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መጥለቂያ ሰንበትን እንደሚያከብርም ነገሩኝ። ቀዳሚት ሰንበትን ለምታከብር ልጅ ይህ እንግዳ አይደለም። የሃይማኖት ኮርስና የጸሎት ፕሮግራም መኖሩንም አውቃችሁ ግቡ፤ የትምህርቱ አካል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ልጆችን ሲያጉላላ ስላየሁ ነው። ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምዱ) ከመጀመሩ በፊት የክትባት ማስረጃ፣ የቲቢ ምርመራና የሲ.ፒ.አር (ልቡ የቆመን ሰው የማዳን) ሥልጠና ይጠየቃል። እኛ በሕፃንነታችን ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ስለተከተብን ክንድ ላይ የሚወጋው የቲቢ ምርመራ ሳንታመም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። እትዬ በደም የሚሠራውን ኳንቲፌሮን እንድጠይቅ መከሩኝ፤ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር ቆይቶ ይሰጣል። የመቀበያ ደብዳቤ ሳትጠብቁ ጀምሩት።

እትዬ፣ ይህን ቢያነቡት እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ብድርዎን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ጥቂት ተማሪ ብቻ ስለሚይዙ ቶሎ በሉ። ስትሄዱም ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያና የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።