ወደ አውሮፓ የሚሄድ ስንቅ፦ የአንድ የደብረ ማርቆስ ባልትና መደብር ግምገማ

በደብረ ማርቆስ ከተማ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ የሚሸጥ አንድ የባልትና መደብር፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ለሚማሩ ወላጆች ስንቅ በትእዛዝ ያሰናዳል። እኔም ጀርመን ለምትማር ልጄ ደጋግሜ ያዘዝሁት ከዚያ ነው።

የመደብሩ ትልቁ ብልጫ ባለቤቷ ትእዛዝ ከመቀበላቸው በፊት የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ናቸው። «ልጅዎ ያለችው የት አገር ነው? ወጥ ቤቱን ከሰው ጋር ትጋራለች? ትጾማለች?» ይላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ ሻንጣም ሆነ በፖስታ እሽግ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ይዞ የመጣን ወላጅ «ይህ ጉምሩክ ላይ ይወረስብዎታል» ብለው ይመልሱታል። ቅቤ የሌለበት ስንቅ ለጎጃም እናት ስንቅ አይመስላትም፤ ቢሆንም ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ከሚል ነጋዴ እኒህን እመርጣለሁ። ማር ግን ለአንድ መንገደኛ እስከ 2 ኪሎ ግራም ይፈቀዳል። የቀረው ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ በመሆኑ ዐቢይ ጾምን ለምትጾም ተማሪ የጎደለባት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚመሰገነው ሚጥን ሽሮው ነው። ቅመሙ አብሮት የተፈጨ ስለሆነ፣ ልጅቱ በጋራ ወጥ ቤት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ቁሌት እያቁላላች ጎረቤት ሳታስቸግር፣ በጥቂት ሽንኩርትና ዘይት ብቻ እራቷን ታደርሳለች። ይህ ከናፍቆት ማስታገሻነት በላይ የኪስ ጉዳይም ነው፤ ልጄ ስትሄድ ጀርመን ለተማሪ ቪዛ በብሎክድ አካውንት (የዓመቱ መኖሪያ ገንዘብ ቀድሞ ገብቶ በየወሩ እየተቆረጠ ብቻ በሚለቀቅበት የባንክ ሒሳብ) እንዲቀመጥ የጠየቀችው 11,904 ዩሮ ነበር፤ በየወሩ የሚለቀቀውም 992 ዩሮ ሲሆን የቤት ኪራዩም የጤና መድኑም ከዚያው ይከፈላል። በርበሬው ከወፍጮ እንደወጣ ትኩሱን ሳይሆን በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሚታሸግ ላብ አይዝም፣ አይጓጉልም። ድርቆሹ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሳይመዝን ቦታ ይፈጃል።

ጉድለቱ በአስተሻሸጉ ላይ ነው። በከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ በእጅ የተጻፈ አማርኛ ብቻ በመሆኑ፣ ሻንጣ የሚፈትሽ የጉምሩክ ሠራተኛ ስሙን ሊያነበው የማይችለው ቀይ ዱቄት ፊቱ ይደቀንበታል። የይዘቱ ስም በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ከነተዘጋጀበት ቀን ቢታተምበት ብዙ ጣጣ ይቀራል። የማሩ ዕቃም ክዳኑ ላልቶ ልብስ አበላሽቶብናል፤ ባለቤቷ ማሩን ቢተኩልንም ያንኑ ዓይነት ዕቃ ዛሬም ይጠቀማሉ። በዚህ ላይ «ለውጭ» የሚባለው ሽሮ መደርደሪያ ላይ ካለው ይወደዳል፤ ልዩነቱ የማሸጊያ ዋጋ ነው ቢባልም ደረሰኙ ላይ ተለይቶ አይታይም። የሚመዝኑትም ያለማሸጊያው ስለሆነ፣ በኢኮኖሚ ክፍል አንድ ሻንጣ ከ23 ኪሎ ግራም እንዳያልፍ ቤት ወስዶ እንደገና መመዘን ያስፈልጋል።

ሽሮና በርበሬ ወደፊትም ከዚያው አዝዛለሁ። ማሩን ግን ከገበያ ገዝቼ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ራሴ አሽገዋለሁ።