ድሬዎች፣ «የጫካ መንደር የቤተሰብ ፓኬጅ» ለሚል ማስታወቂያ ቀብድ እንዳትልኩ

7,250 ብር ቀብድ ተበልቻለሁ። የተበላሁት ደግሞ ልጆቼና እናቴ እያዩ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ብሏል፣ አሁንም ብር ሊልክ ስልኩን የያዘ ወላጅ አይጠፋም።

ማስታወቂያውን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ነው የሚለቀቀው። ጭጋግ የሸፈነው ጥድ፣ የእንጨት ጎጆ፣ እሳት ዙሪያ የተቀመጡ ልጆች፣ ጥግ ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘን። ከላይ «ከድሬ ሙቀት አምልጡ» ይላል። ከስር ዋጋው፣ ከዋጋው ስር የባንክ ሂሳብ ቁጥር። «ቦታ እያለቀ ነው፣ ቀብድ ያስገባ ይቀድማል።» ስትደውሉ የምታነሳው ልጅ አንደበቷ ይጥማል። «የኔ ቆንጆ፣ ለልጆች ብለን እኮ ነው ያዘጋጀነው» ትላለች። ብሩ እስኪገባ ድረስ።

እኔ ያየሁት እንዲህ ይል ነበር፦ «የቤተሰብ ጎጆ፣ ለ6 ሰው፣ 2 ሌሊት፣ ቁርስና እራት ጨምሮ 14,500 ብር»። እኛም ስድስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እናቴ። ነገሩ ሁሉ የታሰበው ለእናቴ ነው። ደም ግፊት አለባት፤ በዚህ ሙቀት ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋዋለች። ድሬ የኖረ ሰው የሰኔን ሌሊት አይረሳውም። ደጋ ወጥታ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ትተኛ አልን። ልጆቹም ከሳቢያን አቧራ ወጥተው ዛፍ ይዩ። ለመዝናናት ብለን ገንዘብ የምንበትን ሰዎች አይደለንም፤ ይቺን ያጠራቀምነው ከወር አስቤዛ ላይ እየቀነስን ነው።

ሳላጣራም አልላክሁም። «ስድስት ነን፣ አንዷ አሮጊት ናቸው፣ ዋጋው ያው ነው?» ብዬ ጻፍኩላት። «ያው ነው እህቴ፣ አብሽሪ» ብላ በድምፅ መለሰችልኝ። ግማሹን ላክን። ሚኒባስ ተኮናተርን። ደንገጎን ወጣን፣ ቁልቢን አለፍን፣ ጨለንቆን አለፍን። ልጆቹ መስኮት ከፍተው ብርዱን ፊታቸው ላይ እያስመቱ ይስቁ ነበር። «ጎጆው የሚለቀቀው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው» ስላሉን የደረስነው ልትመሽ ስትል ነው። ይቺን ሰዓት ያዙልኝ።

ሪሴፕሽን ላይ ስማችን ተመዝግቧል። ቀሪውን ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት ልጅቷ «ለተጨማሪዎቹ አራት ሰዎች በነፍስ ወከፍ 3,800 ብር አለ» አለችኝ። ካልኩሌተሩን መታ መታ አድርጋ አዞረችልኝ። 15,200። ጭማሪው ከዋናው ዋጋ በለጠ! ማስታወቂያው ለስድስት ሰው እኮ ነው የሚለው አልኳት። ማናጀሩን ጠራችው።

መጣ። እጁን ኪሱ ከትቶ እስክጨርስ ሰማኝ። አልተከራከረኝም። «አንድ ደቂቃ» ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ቢሮው መስታወት ነው፤ ይታየኛል። ስልኩን አውጥቶ አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቱ ይጽፋል። ለአለቃው እየነገረልን መስሎኝ ተስፋ አደረግሁ። ወጣና «አሁን ቻናሉን ክፈቺና ጮክ ብለሽ አንብቢ» አለኝ።

ከፈትኩት። «ለ2 ሰው» ይላል።

ፎቶው ያው ነው። ዋጋው ያው ነው። የተለጠፈበት ቀን እንኳን ያው ነው። ስድስት የነበረችው ቁጥር ብቻ ሁለት ሆናለች። ከሰዓቱ ጎን «ኤዲትድ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ተጨምራለች። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ያንኑ ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ፤ ያቺ ጽሑፍ አልነበረችም። ሰውዬው ከመስታወት ወዲያ ቆሞ፣ ዓይኔ እያየ ነው የቀየረው። ቀይሮ ሲያበቃ ደግሞ ልጆቼ ፊት ጮክ ብለሽ አንብቢ ይለኛል። ማንበብ የማልችል ሊያስመስለኝ! እስካሁን ሲያንገበግበኝ ያለው እሱ ነው።

ባለቤቴ ስልኩን አወጣ። ማስታወቂያውን ያየን ዕለት ለቤተሰብ ግሩፓችን ፎርዋርድ አድርጎት ነበር። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ደግሞ ዋናው ቢቀየርም አብሮ አይቀየርም። እዚያ ላይ «ለ6 ሰው» እንዳለ ነው፤ ከላዩ የቻናሉ ስም አለ። አቀረበለት። ማናጀሩ ዝቅ ብሎ እንኳን አላየውም። «እሱን እናንተ ጽፋችሁት ይሆናል» አለ። ስልክ ላይ የመለሰችልኝን ልጅ ድምፅ ከፈትኩለት። «እሷ አሁን ከእኛ ጋር አትሠራም» አለ። በዚያው ዕለት ጠዋት «ተነሳችሁ ወይ?» ብላ የደወለችልኝ እሷው ናት!

እንግዲያው ቀብዳችንን መልስልን አልነው። «ቀብድ አይመለስም።» ከዚያ እናቴን፣ ልጆቹን፣ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሻንጣችንን በዓይኑ ቆጠረና «ቤተሰብ ሙሉ ጠቅልሎ የሚመጣው ሰርግ ነው እንዴ? ርካሽ ከፈለጋችሁ እዚያው ድሬያችሁ አትቀመጡም?» አለ። ሪሴፕሽኗ ሳቀች። ትልቁ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሁሉም ይገባዋል። የአባቱን ፊት ነበር የሚያየው።

በዚህ መሀል እናቴ መጸዳጃ ቤት ጠየቀች። መንገዱ ረጅም ነው፣ የግፊት መድኃኒቷም ቶሎ ቶሎ ያስወጣታል። ልጅቷ ማናጀሩን አየችው። እሱ «ለእንግዶች ብቻ ነው» አለ። ነጠላዋን ይዛ የቆመች ሽማግሌ ሴት እኮ ናት! ዱቤ አልጠየቀችውም፣ አልጋ አልጠየቀችውም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሰምታ «እማማ ይምጡ» ብላ በጓሮ በር ወሰደችልኝ። እግዜር ይስጣት፤ እንጀራዋ ላይ እንዳልመጣባት ከዚህ በላይ ስለሷ አልጽፍም።

ጫካው? ከበረንዳው የሚታየው በመስመር የተተከለ ባህር ዛፍ ነው። ትንሿ ልጄ ጥዱ የታለ ስትል ዘበኛው «ጫካው ከግቢ ውጭ ነው፣ መኪናና አስጎብኚ ለብቻ ይከፈላል» አላት። የደጋ አጋዘኑም ካለ ያለው ጭሮ አካባቢ፣ ኩኒ ሙክታር ተራራ ላይ ነው። እነሱ ግቢ ውስጥ ያለው ፎቶው ብቻ ነው።

አሁን ሰዓቷን አስታውሱ። ለምን ከ11 በኋላ ኑ እንዳሉን የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ልትመሽ ነው፣ ብርድ ነው፣ ልጆች ርቧቸዋል፣ አሮጊት ይዘሻል፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ በሌሊት መውረድ ማን ይደፍራል? የመጣሽበት መኪናም ብዙ ጊዜ አውርዶሽ ሄዷል። እንዲህ የተያዘ ቤተሰብ 15,200 ይከፍላል። ተበድሮም ይከፍላል። ከእኛ አጠገብ የቆሙ አዲስ ተጋቢ ከነእናታቸው የመጡ ሰዎች ድምፃቸውን ሳያሰሙ ሲከፍሉ አይቻለሁ።

እኛን ያዳነን ሾፌሩ ነው። ሁኔታው አላምር ብሎት ሳይሄድ ጠብቆን ነበር። ሂርና ይዞን ሄደ። ተራ ሆቴል ነው፤ ባለቤቷ ለልጆቹ ፍራሽ በነፃ ጨመረችልን። እናቴ እስከ ጠዋት ተኛች። ብርዱ እኮ ያው ነው! ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደንገጎን ከወጣችሁ ከ2,000 በላይ ናችሁ። አየሩን የሰጠው ፈጣሪ ነው፤ ጎጆ የሠራ ሁሉ ለብቻ የሚያስከፍልበት አይደለም።

«ቀብድ አይመለስም» የምትለዋን ነገር ደግሞ ሁላችንም እንደ ሕግ አምነን ይዘናታል። ሕጉ እንደዚያ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሚቀረው ሰጪው ውሉን ሲያፈርስ ነው። ያፈረሰው ተቀባዩ ከሆነ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የእኔ 7,250 ስለዚህ 14,500 ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከመስታወት ወዲያ ቆሞ ቁጥር መቀየር ከዚህ ውጭ ምን ይባላል? ፎርዋርዱን፣ ድምፁንና የባንክ ደረሰኙን አያይዤ አመልክቻለሁ። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩትም ጉዳዩ ገና እየታየ ስለሆነ ነው።

የግድ መሄድ ካለባችሁ ማስታወቂያውን ያያችሁ ዕለት ለራሳችሁ ፎርዋርድ አድርጉት። የሰው ቁጥሩን በጽሑፍ አስመልሱ። በቀን ድረሱ፣ መኪናውን ሳትስማሙ አትልቀቁ። ሐረርና ሐረማያ ደግሞ ቅርብ ናቸው፤ አልጋውን አይታችሁ ትከፍላላችሁ፣ ካልተመቻችሁ በጊዜ ትመለሳላችሁ።

እንደኔ የተበላችሁ ካላችሁ፣ የድሮው ማስታወቂያ ስልካችሁ ውስጥ ካለ ላኩልኝ። አቤቱታው ላይ አብሬ አስገባዋለሁ። ቻናሉ ዛሬ ጠዋትም «ለ6 ሰው» ብሎ ለጥፏል።